በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ሥር የተውኩት ገመድ

ጡረታ ስወጣ ዕረፍት የማገኝ መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። እዚህ ኮልፌ፣ ሰፈሬ ውስጥ፣ ከባለሱቁ እስከ ጸጉር ሠሪዋ ድረስ ኢንተርኔት የተቋረጠበት ሁሉ በሬን ያንኳኳል። «እትዬ ዘይነባ፣ ኔት የለም፣ አንዴ ይዩልን» ይሉኛል። ነጠላዬን ደርቤ እሄዳለሁ። ስደርስ ገመዱ ተነቅሎ መሬት ላይ ነው። የነቀለው ሰውም አጠገቡ ቆሞ «እኔ ምንም አልነካሁም» ይለኛል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከዚህ አረፍተ ነገር የበለጠ የሰማሁት የለም። ገመድ እግር አውጥቶ አይሄድም። የሆነ ሰው ነክቶታል።

ሥራዬ ኔትዎርክ መዘርጋት ነበር። ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። አንድ ቢሮ ወይም አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ በገመድ አገናኛለሁ። ገመዶቹ ሁሉ የሚገቡበት፣ ከፊቱ ተርታ ቀዳዳ ያለው፣ ትንንሽ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት ሣጥን አለ፤ ስዊች ይባላል። አንዱ ኮምፒውተር የላከውን ተቀብሎ ለሌላው የሚያደርሰው እሱ ነው። ይህንኑ ሣጥን ለሰው ማስረዳት ግን ከመትከሉ በላይ ያደክመኝ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ «ስዊች ይገዛልን» ብዬ ጥያቄ ጻፍኩ። ግዥ ክፍሉ ወራት አስቆጥሮ በካርቶን የታሸገ ዕቃ አመጣልኝ። ስከፍተው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የአምፖል ማብሪያ ማጥፊያ ነው። መልሱልኝ ስል ገዢው ተቆጣ። «ስዊች አላሉም? ይሄ ምንድነው ታዲያ?» አለኝ። ዕቃው ገቢ ሆኗል፣ ገቢ የሆነ አይመለስም ተባለ። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ እስከ ዛሬ እዚያው መጋዘን ውስጥ ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ።

ወደዚህ ሙያ የገባሁት አስቤበት አይደለም። ታይፒስት ነበርኩ። በአሥር ጣቴ፣ ዓይኔን ከጽሑፉ ሳልነቅል ነበር የምመታው፤ በዚህም እኮራ ነበር። ከዚያ ኮምፒውተር መጣና የጽሕፈት መኪናዎቻችን ወደ መጋዘን ወረዱ። ኮምፒውተሮቹ ብዙ ሆነው ማተሚያው አንድ ብቻ ስለነበር፣ አንድ ገጽ ለማተም ዲስኬት ይዘን ፎቅ ስንወጣና ስንወርድ እንውል ነበር። በመጨረሻ ሁሉም በገመድ ይገናኙ ተባለና ጋሽ ዳምጠው መጡ።

ጋሽ ዳምጠው የጎጃም ሰው ናቸው። ድሮ ወታደር ቤት የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበሩ። ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ፣ በበጋም ሹራብ የማያወልቁ። በዚያን ቀን ገመዱን በሌላ ጫፍ የሚይዝላቸው ሰው ፈለጉ። ወንዶቹ ሁሉ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ እኔ ያዝኩላቸው። «ገመድ የሚይዝ ሰው እንጂ ተማሪ አልፈለግኩም ነበር» ይሉኝ ነበር በኋላ። ቢሆንም ማስተማሩን አልተዉም። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በቀለማቸው ተራ አስይዘው፣ ነጭ ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያሉ፣ ጫፋቸውን እኩል አስቆርጠው፣ መሰኪያው ውስጥ እስከ መጨረሻው አስገፍተው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ያስጨምቁኝ ነበር። አንዷ ሽቦ ከቦታዋ ከተዛነፈች ቆርጠው ይጥሉትና «እንደገና» ይላሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ «እንደገና» ሲሉኝ ዋሉ። አልቅሻለሁ። እሳቸው ግን ሻያቸውን እየጠጡ ነበር።

የማይለወጥ ልማድ ነበራቸው። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሰዓታቸውን አውልቀው ደረት ኪሳቸው ይከታሉ። ገመድ ሲዘረጉ ከመሰካታቸው በፊት በሁለቱም ጫፍ ላይ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ይጽፋሉ። ሁለት ስዊች ሲያገናኙ መጀመሪያ አንዱን ስዊች ብቻ ያበራሉ፤ አንድ ኮምፒውተር ይሰካሉ፤ ያያሉ። ቀጥሎ ሌላ። ሁለተኛውን ስዊች የሚያመጡት የመጀመሪያው ላይ ምንም ጥርጣሬ ሳይኖራቸው ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ ደግሞ ወንበር ስበው ስዊቹ ፊት ይቀመጡና ሩብ ሰዓት ያህል መብራቶቹን ይመለከታሉ። «ምን ያያሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ጊዜ። «ሁሉም በየራሱ ነው የሚያወራው ወይስ አብረው ይጮኻሉ? እሱን ነው የማየው» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም፤ መሥሪያ ቤቱ ተዘግቶብን ታክሲ እንዳያመልጠን ብቻ ነበር የምጨነቀው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ሠራሁ። ትምህርት ቤት ሠራሁ፤ ስዊቹን የሰቀልኩበት ቁምሳጥን ውስጥ ርዕሰ መምህሩ የስፖርት ኳስ ያስቀምጡበት ነበር። አንድ ድርጅት ውስጥ ስዊቹ የሚሰካበት ዲቫይደር ላይ ጸሐፊዋ የውሃ ማፍያ ትሰካ ነበር፤ ውሃው በፈላ ቁጥር ፊውዙ ይወርድና ሕንጻው በሙሉ ሥራ ይፈታል። ደመወዜን አላነሳውም፣ ለማንሳትም አይበቃም። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ በአንድ የእናቶች ክሊኒክ ነው። ስሙን አልጠራውም። ልነግራችሁ የተነሳሁትም የዚያን ነገር ነው።

ክሊኒኩ ወረቀት ትቶ ሁሉን በኮምፒውተር ያደረገ ነበር። ታካሚዋ ካርድ ክፍል ትመዘገባለች፤ ሐኪሙ ምርመራ በኮምፒውተር ያዛል፤ ላቦራቶሪው ውጤቱን በኮምፒውተር ይልካል። ትልቁ ስዊች ታች ካርድ ክፍል ነበር፤ ትንሹ ላይ ላቦራቶሪው ውስጥ። በሁለቱ መካከል አንድ ገመድ በጣሪያው ውስጥ ያልፋል። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ምትኩ ዕቃ ሲገዛ ርካሹን የሚመርጥ ሰው ነበር። ሁለት ስዊች በስህተት በሁለት ገመድ ቢገናኙ ሻል ያለው ስዊች አንዱን መንገድ ራሱ ይዘጋል፤ እንዲገዛልን ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። «የቀዳዳው ቁጥር እኩል ነው አይደል?» አለኝና የራሱን ገዛ። ምን ይባላል።

አንድ ጊዜ አይጥ ጣሪያው ውስጥ ገመዱን በላችውና ግማሽ ቀን ሥራ ቆመ። ዳግም እንዳይደርስብኝ ብዬ ትርፍ ገመድ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። የታችኛውን ጫፍ ትልቁ ስዊች ላይ ሰካሁት፤ የላይኛውን በኮምፒውተር ፈትሼ መሥራቱን ካየሁ በኋላ ነቀልኩና ጠቅልዬ ላቦራቶሪው ጠረጴዛ ሥር ተውኩት። ዓርብ ከሰዓት ነበር። 18 ማዞሪያ ላይ የዓርብ የታክሲ ወረፋ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ገመዱ ላይ አልጻፍኩም። ሰኞ እጽፋለሁ አልኩ። ሰኞ ሌላ ሥራ መጣ፤ ማክሰኞም እንደዚያው። ሳምንታት አለፉ።

አንድ ጠዋት ሥራ በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ኮምፒውተር ቆመ። ካርድ ክፍሉ «ሲስተም የለም» አለ። ፋርማሲው «ሲስተም የለም» አለ። ከሁሉም ክፍል ስሜ ይጠራል። ስዊቾቹን አጥፍቼ አበራኋቸው፤ ለቅጽበት ነፍስ ዘሩና እንደገና ሞቱ። ዋናውን ኮምፒውተር አጥፍቼ አበራሁ። የኢንተርኔት መስመሩ ነው ብዬ ስልክ ደወልኩ፤ መስመሩ ደህና ነበር። መብራት ኃይሉ ነው አልኩ። ሐኪሞቹ በየደረሱበት «መቼ ነው?» ይሉኛል፤ እኔም «አምስት ደቂቃ» እላለሁ። ላቦራቶሪ ያለውም ባለሙያ ብቅ ብሎ «ውጤቶቹን በወረቀት ጽፌ በእጅ ላውርዳቸው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ቆይ፣ አምስት ደቂቃ» አልኩት። ጠበቀ። ሁለት ሰዓት ሙሉ «አምስት ደቂቃ» ስል ከፎቅ ፎቅ ሮጥኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ቆሜ መብራቶቹን አላየሁም።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ተቀምጣ ነበር። ራሴን አመመኝ ብላ መጥታ፣ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ሐኪሙ የሽንት ምርመራ አዞላት ነበር። ውጤቱ ደርሷል፤ ቶሎ መርፌ የሚያስወጋ መጥፎ ውጤት ነበር፤ ላቦራቶሪው ኮምፒውተር ውስጥ የኔን አምስት ደቂቃ ይጠብቃል። ሴትዮዋ ከወንበሩ ላይ ወደቀችና ትንቀጠቀጥ ጀመር። የጽዳት ሠራተኛችን አስካለ መጥረጊያዋን ጥላ መሬት ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ ያዘች። ሐኪሞቹ ደረሱ፤ መርፌ ወጓት፤ አምቡላንስ መጥቶ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወሰዳት። እሷም ልጇም እንደተረፉ የሰማነው ከቀናት በኋላ ነው። ሕፃኑ ያለ ጊዜው ተወልዶ ለብዙ ሳምንት ማሞቂያ ውስጥ ቆየ።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ነው ካርድ ክፍል ገብቼ ስዊቹ ፊት የቆምኩት። መብራቶቹ በሙሉ በአንድ ላይ፣ በአንድ ፍጥነት፣ እንደ እብድ ይርገበገባሉ። አብረው ይጮሁ ነበር። በሁለት ስዊች መካከል ሁለት ገመድ ከተሰካ አንዱ የላከው በሌላው ዞሮ ይመጣል፤ የመጣው ተመልሶ ይላካል፤ እየተባዛ ማለቂያ የለውም፤ ለሰው ሥራ የሚሆን ቦታ አይተርፍም። ገመዶቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። ያልተጻፈበትን ስነቅል ሁሉም ጸጥ አለ። የካርድ ክፍሏ ልጅ «መጣ» አለች።

ላይ ወጣሁ። ገመዴ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ትንሹ ስዊች ላይ ተሰክቷል።

«ይህን ማነው የሰካው?» አልኩ።

አስካለ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሴትዮዋን ይዛ የረጠበው ቀሚሷ ገና አልደረቀም። «እኔ ነኝ» አለች። «ጠዋት ስጠርግ መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁት። የተነቀለ መስሎኝ ባዶ ቀዳዳ ላይ መለስኩት።»

እስቲ አስቡት፤ ዕድሜዬን ሙሉ «ምንም አልነካሁም» ሲሉኝ ኖረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው «እኔ ነኝ» አለኝ። እኔም ብድሯን የመለስኩላት እንዲህ ነው።

አቶ ምትኩ ሪፖርት ፈለገ። «በአጭሩ ይጻፉልኝ፤ ምን ሆነ፣ ማን ነካው» አለኝ። ጻፍኩ። «የጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ አስካለ ያለ ፈቃድ ገመድ በመሰካቷ ሲስተሙ ተቋርጧል።» ከዚህ ውስጥ ውሸት የለም። ለዚህ ነው እጄን ያልከበደው። በማግስቱ የጠዋት ስብሰባ ላይ አቶ ምትኩ ሪፖርቱን አንብቦ አስካለን በሁሉም ፊት አሰናበታት። አስካለ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች። የምናገር መስሏት ነበር። ጫማዬን አየሁ።

ቤት ገብቼ በሁሉም ተናደድኩ። ርካሽ ስዊች በገዛው ምትኩ ተናደድኩ፤ በአይጧ፤ ያልተባለችውን በነካችው በአስካለ። እንዲህ እየተናደድኩ ሦስት ቀን ሰነበትኩ። እሑድ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም፣ ልጃቸው ቤት ወደሚኖሩት ጋሽ ዳምጠው ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ሹራባቸው ግን አለ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ምትኩ ስዊች ረዘም አድርጌ ነገርኳቸው።

አቋረጡኝ። «ገመዱ ላይ ምን ተጽፎ ነበር?»

«ምንም።»

«ስንት ጊዜ ቆየ?»

«ሁለት ወር ገደማ።»

 «የተባረረችው ሴትዮ ልጆች አሏት?» አሉኝ።

«ሁለት።»

«እና እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉ። ሻይ እንኳ አላስቀረቡልኝም።

ሰኞ ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍኩ። ገመዱን የዘረጋሁት፣ አንዱን ጫፍ ሰክቼ ሌላውን ምልክት ሳላደርግበት የተውኩት፣ ውጤት በእጅ እንዳይወርድ ያስቆምኩት እኔ ነኝ ብዬ። አቶ ምትኩ አንብቦ መለሰልኝ።

«የመጀመሪያው ፋይል ሆኗል፣ ወይዘሮ ዘይነባ። ጉዳዩ ተዘግቷል።»

«ክፈቱት እንግዲህ።»

«ጡረታዎ ቀርቧል። ለምን በራስዎ ላይ ይጽፋሉ? ቤተሰቡ ቢከሰንስ?»

«ይህንን ካልተቀበሉኝ ለክሊኒኩ ባለቤት ለዶክተሯ እሰጣለሁ።»

«መዝገብ ቤት ሁለት ሪፖርት ለአንድ ጉዳይ አይቀበልም» አለኝ። በሕይወቴ ጥፋቴን የሚቀበለኝ አጥቼ እዞራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ዶክተሯን ከቀዶ ሕክምና ስትወጣ በር ላይ ጠብቄ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ሲያልቅ መነጽሯን አውልቃ «አስካለን ፈልጊያት፤ ትመለስ» አለችኝ።

አስካለን ያገኘኋት ኮልፌ ገበያ ዳር ነው፤ ከእህቷ ጋር ሽንኩርት ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የጻፍኩትን አነበብኩላት። መልቀሟን አላቋረጠችም።

«ስለ እኔ ምን ይላል?» አለችኝ ስጨርስ።

«ጥፋት እንደሌለብሽ።»

«እሱማ ልክ ነው። ግን ለምን እንደሰካሁት አይልም። ቀን ተቀን ከፎቅ ፎቅ ስትሮጪ አይሻለሁ፣ ዘይነባ። ተነቅሎ ካየችው ደግሞ ልትለፋ ነው ብዬ ነው የሰካሁት። አንቺን ላግዝ ብዬ ነው። እሱን ጻፊው።»

ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግኩ። ሽንኩርቱ ነው እንዳልል ገና አልላጥነውም።

«መመለሱን እመለሳለሁ» አለች ቀጥላ። «ሰው ፊት ነው ያባረሩኝ። ሰው ፊት ይነበብ።»

ሦስተኛውን ጻፍኩ። በዚያው ሳምንት የጠዋት ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም በቆሙበት፣ አስካለ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ እየሰማች፣ ራሴ አነበብኩት።  ገመዱን እንዴት እንደተውኩት፣ አስካለ ለምን እንደሰካችው፣ እኔ «አምስት ደቂቃ» እያልኩ ውጤቱን እንዳስቀረሁ አንብቤ፣ «በዚህም ምክንያት አንዲት ታካሚ ለከፍተኛ አደጋ ተጋልጣለች» የሚለው ጋ ደርሼ ጨረስኩ።  ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። አቶ ምትኩ ሰዓቱን አየና «እንግዲህ ጨርሰናል፤ ወደ ሥራ» አለ።

«አልጨረስንም» አለች አስካለ ከኋላ።

ሁሉም ዞረ።

«አንዲት ታካሚ አይደለችም» አለች። «ሰዓዳ ነው ስሟ። ጭንቅላቷን ይዤ ስሟን እየጠራሁ ነበር። የእኔ ስም ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ የእሷ የለም።»

እውነቷን ነበር። ሦስት ሪፖርት ጽፌ አንድም ቦታ ስሟን አላነሳሁም። እንዲያውም አላውቀውም ነበር፤ ጠይቄም አላውቅም። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ከካርድ ክፍሏ ልጅ እስክሪብቶ ተቀበልኩ።

«በዓይኑ ዐ ነው በአልፋው አ የሚጻፈው?» አልኳት አስካለን።

«እሱን እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ እናቷ የሰዓዳን ስልክ ሰጥታኛለች። ደውዪና ራሷን ጠይቂያት።»

ሁሉም ቆመው እየጠበቁኝ አስካለ የነገረችኝን ቁጥር መታሁት። ሁለት ጊዜ ጠራና አንዲት ሴት አነሳች።